ስፕሬዩ ያግዛል፤ ታሞ ለመሥራት ግን ፈቃድ አይሁነን

ገናን በምናከብርበት ሰሞን ላስ ቬጋስ ለሲኢኤስ የቴክኖሎጂ ዐውደ ርዕይ ከመላው ዓለም ከመቶ ሺህ በላይ እንግዳ ትቀበላለች። ይህን ሕዝብ ከሃሪ ሪድ አውሮፕላን ማረፊያ በታክሲና በኡበር ከሚያመላልሱት፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ከሚያድሉት፣ የሆቴል ክፍል ከሚያጸዱት መካከል ሐበሻው ብዙ ነው። ብዙዎቻችን ሺፍት ጨርሰን የምንገባው ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው እናትና አባት ጋር ወደምንኖርበት ቤት ነው። ስለዚህ «የአፍንጫ ስፕሬይ ከጉንፋን፣ ከፍሉና ከኮቪድ ያድናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለኛ ትልቅ ጥያቄ ነው።

መልሴ፦ የሚያግዙ አሉ፤ ብቻውን የሚያድን የለም።

ብዙዎቹ ቫይረሶች መጀመሪያ የሚያርፉት አፍንጫ ውስጥ ነው። ንፍጡ ይይዛቸዋል፤ ጥቃቅኖቹ ፀጉሮች ጠርገው ያስወጧቸዋል። ይህ የሚሠራው ግን አፍንጫችን እርጥበት ሲኖረው ነው። የምንኖረው በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ዝናብ በሚጥልበት በረሃ ነው። በዚያ ላይ የካዚኖው የሲጋራ ጭስ አለ፤ በ2006 የጸደቀው የኔቫዳ ሕግ የቁማር አዳራሹን ከክልከላው ውጭ አድርጎታል።

ርካሹ አማራጭ የጨው ውኃ ስፕሬይ ነው። በ2024 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከ13 ሺህ በላይ ሰዎችን አሳትፏል። የሕመም ምልክት ሲጀምራቸው ወይም ከታመመ ሰው ጋር ሲገናኙ እንዲነፉ የተነገራቸው ሰዎች የታመሙባቸው ቀናት በአማካይ ከ8.2 ወደ 6.4 ወርደዋል። በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ የምታዘጋጁት ከሆነ ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ከቧንቧ በቀጥታ አይሁን።

ሁለተኛው አዘላስቲን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ነው። በጀርመን የሳርላንድ ዩኒቨርሲቲ በ450 ሰዎች ላይ ሞክሮት ውጤቱ በ2025 ታትሟል። ለ56 ቀናት በቀን ሦስት ጊዜ ከተጠቀሙት ኮቪድ የያዛቸው 2.2 በመቶ ናቸው፤ መድኃኒት የሌለው ስፕሬይ ከተሰጣቸው ደግሞ 6.7 በመቶ። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን አንድ ትንሽ ጥናት ነው፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም ለኮቪድ መከላከያነት አልፈቀደውም። አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኘዋል፤ ሌሊት የምትነዱ ልብ በሉ።

የታፈነ አፍንጫ የሚከፍተውን፣ ኦክሲሜታዞሊን ያለበትን ስፕሬይ ግን ከእነዚህ ጋር አታምታቱት። ቫይረስ አይከላከልም። ከሦስት ቀን በላይ ከተጠቀሙበት አፍንጫን መልሶ ያፍናል፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው። ማናቸውንም ጠርሙስ ከሌላ ሰው ጋር አትጋሩ።

አገር ቤት ዳማከሴ ጨምቀን ወደ አፍንጫ ስንስብ ከጎኑ ዕረፍት ነበረ፤ የታመመ ሰው ተከናንቦ ይተኛል፣ ጎረቤት ሾርባ ይዞ ይመጣል። እዚህ ግን መድኃኒቱን ይዘን ዕረፍቱን ትተነዋል። የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አፍንጫውን ነፍቶ፣ ትኩሳቱን በክኒን አብርዶ ሥራ የሚገባ ወንድማችን ራሱንም ሌላውንም ይጎዳል።

ከ2020 ጀምሮ የኔቫዳ ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የግል ድርጅት የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። መብታችሁ ነው፣ ጠይቁ። ኡበር የምትነዱ ግን ይህ ሕግ አይደርሳችሁም፤ ለናንተ መድረስ ያለብን እኛው ነን። ዕቁብና ዕድር ያለን ሕዝብ የታመመ ሾፌር ሦስት ቀን እንዲተኛ ማገዝ አያቅተንም። ክትባታችሁን ውሰዱ፣ ስፕሬዩንም ተጠቀሙ፤ ስትታመሙ ግን እባካችሁ ቤት ቅሩ።