ሩጫ ብቻ አይደለም፦ ልጆቻችን የሚሠሩትን አትሌቲክስ እንወቅላቸው

ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ «አትሌቲክስ ልጀምር ነው» ብሎ ቢነግራችሁ ወዲያው በዓይናችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ሩጫ ነው፤ ያውም ረጅም ሩጫ። አይፈረድብንም። አበበ ቢቂላ በ1960 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደገመው። ምሩጽ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትሩን ጠቅልሎ ሲወስድ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ስሙ ከሬዲዮ ወጥቶ እረኛው ሁሉ አፍ ላይ ገባ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ ደግሞ ብዙዎቻችን እዚህ አገር ገብተን ነበር፤ የኡልፓን ደብተራችንን ይዘን እልል አልን።

እዚህም አላፈርንም። ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ እስራኤል የመጣው ማሩ ተፈሪ በ2022 ሙኒክ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና ማራቶን ሁለተኛ ወጣ፤ ጋሻው አያሌ ሦስተኛ ሆነ፤ አገራችንም በቡድን ወርቅ አገኘች። በ2023 ደግሞ ማሩ ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳልያ አጠለቀ። እሰይ የሚያሰኝ ነው።

ነገር ግን በዚህ ኩራት መሀል አንድ ነገር እየተረሳ ነው። አትሌቲክስ ማለት ሩጫም፣ ዝላይም፣ ውርወራም፣ እርምጃም ነው። እኔ ሮቫ ዩድ ውስጥ አስተምራለሁ። ልጁ ከሜዳ ሲመለስ ወላጅ «አሸነፍክ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ በዕብራይስጥ «ዛሬ ሮሃክ ነበረኝ» ይላል። ወላጅ ራሱን ይነቀንቃል፤ ወሬው እዚያው ይቀራል። ወሬው እንዳይቀር ብዬ ነው ዛሬ የእያንዳንዱን ውድድር ስም በአማርኛም በዕብራይስጥም የማስቀምጥላችሁ።

መሙ ላይ

የሚሮጥበት ክብ መንገድ መም ይባላል። የውስጠኛው መስመር ዙሪያው 400 ሜትር ነው። 5,000 ሜትር ማለት እንግዲህ 12 ዙር ተኩል፣ 10,000 ሜትር ማለት 25 ዙር መሆኑ ነው። 100፣ 200 እና 400 ሜትር አጭር ርቀት ናቸው፤ 800 እና 1,500 መካከለኛ፤ ከዚያ በላይ ያለው ረጅም ርቀት ይባላል።

በ200 እና በ400 ሜትር ሯጮቹ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ቆመው ሲነሱ ብታዩ «ይኼ ማዳላት ነው» እንዳትሉ። ውጪ ያለው መስመር ኩርባው ላይ ይረዝማል፤ ከፊት ያስቆሙት ርቀቱ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ነው። በትልልቅ ውድድር በአጭር ርቀት ከተኩሱ በፊት አንድ ጊዜ የተነሳ ሯጭ ወዲያው ይወጣል። ደግሞ ንፋስም ይለካል። የባህሩ ንፋስ ከኋላ ሆኖ በሴኮንድ ከ2 ሜትር በላይ ከገፋ፣ በ100 እና በ200 ሜትር የተገኘው ሰዓት ክብረ ወሰን ሆኖ አይጻፍም።

የመሰናክል ሩጫን ልጆቹ «ሪጻት ሜሹሆት» ይሉታል። በአዋቂዎች ውድድር ሴቶች 100 ሜትር፣ ወንዶች 110 ሜትር ይሮጣሉ፤ ሁለቱም ደግሞ 400 ሜትር አላቸው። በሁሉም ላይ መሰናክሉ 10 ነው። ልጃችሁ መሰናክሉን ገፍቶ ቢጥለው አትደንግጡ፤ ሆን ብሎ ካልሆነ ጥፋት አይደለም። በዚህ ውድድር አገራችን ስም አላት። አስቴር ሮት ሻሃሞሮቭ በ1976 ሞንትሪያል ኦሎምፒክ ላይ በ100 ሜትር መሰናክል ለፍጻሜ ደርሳ 6ኛ ወጥታለች። አሰልጣኟ አሚጹር ሻፒራ ከ4 ዓመት በፊት ሙኒክ ላይ ከተገደሉት አንዱ ነበር። ያንን ተሸክማ ነው የሮጠችው።

የ3,000 ሜትር መሰናክል ሌላ ነው። 28 ጊዜ እንጨት ይዘለላል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃ ያለበት ጉድጓድ ይሻገራሉ። የዱላ ቅብብል «ሪጻት ሽሊሂም» ነው፤ አራት ልጆች አንድ ዱላ እየተቀባበሉ ይሮጣሉ። ዱላው ከተፈቀደው ቦታ ውጪ ከተላለፈ ቡድኑ ይሰረዛል። ስለዚህ አራት ፈጣን ልጆች ሳይስማሙ ከሮጡ፣ ዘገም ብለው በተስማሙ አራት ልጆች ይሸነፋሉ። የእርምጃ ውድድርም አለ፤ አንዱ እግር ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት። ማራቶን ግን ከመም ውጪ፣ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ነው፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር። ይኼ ለልጅ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። አጥንቱና ጅማቱ የጸና አዋቂ የሚደርስበት ነው።

ዝላይ

አራት ዓይነት ነው። ርዝመት ዝላይ፣ ልጁ «ሮሃክ» ያለው፣ ሮጦ ከአንድ ጣውላ ላይ ተነስቶ አሸዋ ላይ ማረፍ ነው። እግሩ ከጣውላው ካለፈ ዝላዩ አይቆጠርም። የሚለካው ለጣውላው ከሚቀርበው ምልክት ነው። ልጁ ሩቅ ደርሶ እጁን ወደ ኋላ ከተደገፈ የሚለካው ከእጁ ነው፤ አንዳንድ ልጅ ሲያለቅስ የምታዩት ለዚህ ነው። ስሉስ ዝላይ፣ «ክፊጻ ሜሹሌሸት»፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መንጠር ነው። ከፍታ ዝላይ፣ «ክፊጻ ላጎቫ»፣ በአግዳሚው ላይ ማለፍ ነው፤ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የጣለ ይወጣል። አራተኛው ምርኩዝ ዝላይ፣ «ክፊጻ ቤሞት» ነው። ከሩሲያ የመጣው አሌክስ አቨርቡህ በዚህ ዝላይ በ2002 እና በ2006 ለእስራኤል የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። የሩሲያ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ በኩራት ይነግሯችኋል።

ውርወራ

ይኸም አራት ነው፦ አሎሎ («ሀዲፋት ካዱር ባርዜል»)፣ ዲስከስ፣ መዶሻ («ፓቲሽ») እና ጦር («ኪዶን»)። የአዋቂ ወንዶች አሎሎ 7 ኪሎ ከ260 ግራም ነው፣ የሴቶቹ 4 ኪሎ፤ ለልጆች እንደ ዕድሜያቸው የቀለለ ይሰጣል። አሎሎ እንደ ድንጋይ አይወረወርም፤ ከአንገት ሥር ተነስቶ ይገፋል። ወርዋሪው ከክቡ በፊት ለፊት በኩል ከወጣ ውርወራው ይሰረዛል። ጦር ደግሞ በጫፉ መሬት መንካት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ከትምህርት ቤት ውጪ አንድ አሰልጣኝ ዘንድ ስትሄድ፣ ምንም ሳይለካት፣ ቤተሰቧ ከኢትዮጵያ ስለሆነ ብቻ ረጅም ሩጫ ላይ መደባት። ልጅቷ ትከሻዋ ሰፊ፣ አጥንቷ ከባድ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ ትወጣለች። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ቀረችና «መምህር፣ እኔ ምን ዓይነት ኢትዮጵያዊት ነኝ? መሮጥ እንኳ አልችልም» አለችኝ። ተመልከቱ እንግዲህ! በሩጫ መሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ እሷ ግን ከወገኗም የወጣች መሰላት።

የእኛ የስፖርት መምህርት ነገሩን ሰማችና ልጅቷን ሜዳ አውጥታ ባለ 3 ኪሎ አሎሎ አስያዘቻት። የመጀመሪያው 7 ሜትር ከ40 ወጣ። ለአንድ ወር እግሯን እንዴት እንደምታስቀድም ብቻ ተማረች፤ ከዚያ 8 ሜትር አለፈች። ለፋሲካ 9 ሜትር ከ10 ደረሰች።

ታዲያ አያቷ ሰሙና ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። «አንተ ልጄ፣ የቄስ ልጅ ነህ፤ ሴት ልጅ ብረት ስትወረውር ዝም ብለህ ታያለህ? ማህፀኗ ቢጎዳስ?» አሉኝ። «እማማ፣ እርስዎ ከወንዝ ውሃ በእንስራ ሲያመላልሱ ስንት ኪሎ ይሸከሙ ነበር?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ማን መዝኖት!» አሉ ከዚያ። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ማንም አልመዘነውም።» «የእሷን ግን እየመዘኑላት ነው» አልኳቸው። ስንት ሜትር እንደደረሰች ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከቢሮው እስከ በሩ ያለውን በዓይናቸው ለኩና «ይኼን ሁሉ?» አሉ። ስለ ማህፀኑም በዕድሜዋ ልክ የተሰጠ ክብደት በአሰልጣኝ እጅ እንደማይጎዳት፣ ጥርጣሬ ካላቸው ግን ቤተሰብ ሐኪሙን እንዲጠይቁ ነግሬያቸው በሰላም ሄዱ።

ሁሉንም የሚሞክሩም አሉ። በሁለት ቀን ወንዶች 10፣ ሴቶች 7 ውድድር ይወዳደራሉ። ልጆቹ «ክራቭ ኤሰር» እና «ክራቭ ሼቫ» ይሉታል።

ሰዓትና ሜትር

አባቴ ቄስ ነበሩ። ፊደልና ኦሪትን ከእሳቸው እግር ሥር፣ ሒሳብና ጂኦግራፊን ደግሞ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተማርኩ። አባቴ ይወዱት የነበረ አንድ ታሪክ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 18 ላይ አለ። ኢዮአብ ለንጉሥ ዳዊት ወሬ እንዲያደርስ ኩሻዊውን ላከው። የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ እኔም ልሂድ ብሎ ለመነ። ኋላ ተነስቶ፣ በሜዳው መንገድ ሮጦ፣ ኩሻዊውን ቀደመው። የግንቡ ጠባቂም ከሩቅ በአሯሯጡ ለየው። ልብ በሉ፤ መልኩ እኛን የሚመስለው ኩሻዊው ነው፤ በዚያን ቀን የቀደመው ግን ሌላው ነው።

አትሌቲክስን የምወደው ለዚህ ነው። ዳኛው ሰዓትና ሜትር ነው። ስምህ ማነው፣ ቆዳህ ምን ዓይነት ነው፣ አባትህ ዕብራይስጥ ያውቃል ወይ አይልም። ልጆቻችን በብዙ ቦታ ሳይለኩ ተገምተዋል፤ ይህን እኔም እናንተም እናውቃለን። ብሌሲንግ አፍሪፋ የሚባል፣ ከጋና ከመጡ ወላጆች ቴል አቪቭ የተወለደ ልጅ፣ በ2022 ኮሎምቢያ ውስጥ ካሊ ላይ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና 200 ሜትር ሮጠ። እሱም ሁለተኛውም 19 ሴኮንድ ከ96 ሆኑ። የለየቻቸው የሴኮንድ ሽራፊ ናት፤ ወርቁም ለእሱ ሆነ።

ሰዓቱ ግን የሚለካው መሙ ላይ የደረሰውን ልጅ ነው። ወደየትኛው ውድድር ይሂድ ብሎ የሚወስነው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይገምታል። «ኢትዮጵያዊ ነው፣ ሯጭ ነው» የሚለው ግምት ምስጋና ቢመስልም ያው ግምት ነው። እኛም ቤት ውስጥ እንለዋለን። ልጃችሁ ሮጦ የሚወድ ከሆነ ይሩጥ፣ ተመስገን ነው። ሌላው ግን ጦር ይያዝ፣ አሸዋ ላይ ይዝለል፣ መሰናክል ይሞክር። ትንንሾቹ ደግሞ ሁሉንም እየቀማመሱ ቢቆዩ ይሻላል።

እንግዲህ ከእናንተ የሚጠበቀው ይኼ ነው። ሲያስመዘግቡ አሰልጣኙን «ልጄን በምን ላይ ነው የምትፈትነው?» በሉት። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ልጁ ያስተርጉም፤ ነውር የለበትም። ውድድሩ ሰንበት ላይ ይውል እንደሆነ ከመጀመሪያው ጠይቁ፤ ሰንበት ለምታከብሩ ዓመቱ መሀል ላይ ከምትጣሉ አስቀድሞ መስማማት ይሻላል። በአሽዶድ ሙቀትና ወበቅ ውሃ ሳይዝ እንዳይወጣ። ልምምዱን እንቅልፍና የቤት ሥራ እንዳይበሉት ሰዓቱን አብራችሁ ክፈሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲሮጥ ግራ እጁን አጠፍ አድርጎ የሚይዘው በልጅነቱ ደብተሩን ታቅፎ ትምህርት ቤት እየሮጠ ይመላለስ ስለነበር ነው ይባላል።

ደግሞ ሂዱና እዩ። አንድ ጊዜም ቢሆን ከአጥሩ አጠገብ ቁሙ። ልጁ ማታ ቤት ሲገባ «አሸነፍክ?» የሚለውን ተዉትና «ዛሬ ስንት ሆነ? ባለፈውስ ስንት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። የሰጣችሁን ቁጥር ማቀዝቀዣው ላይ ከነቀኑ ጻፉት፤ በሚቀጥለው ወር ከሥሩ ሌላ ትጽፋላችሁ።