ይድረስ ለምወድሽ ለእኅቴ ልጅ

 

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለአጎትሽ። እዚያ ዋሽንግተን ስለ እምነታቸው የሚጽፉ ወጣቶችን፣ ኦርቶዶክሱንም ጴንጤውንም ካቶሊኩንም፣ በወዳጅነት ልታሰባስቢ ማሰብሽ ደስ አሰኝቶኛል። አንዱ ሌላውን «መናፍቅ» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «ጣዖት አምላኪ» ብሎ ሲመልስ ማየት እንደሰለቸሽም ጽፈሽልኛል። እኔንም ሰልችቶኛል፣ ልጄ። አንድ ጌታ እናመልካለን የሚሉ፣ በአንድ ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው ሲሰዳደቡ እንደማየት የሚያሳዝነኝ ነገር ጥቂት ነው።

የላክሽልኝን መተዳደሪያ ደንብ አየሁት። በጥንቃቄ ነው የተጻፈው። ለጊዜው ግን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። ደንብ የሚያስፈልገው የተዋወቁ ሰዎች እንዳይለያዩ ነው፤ የማይተዋወቁትን ግን አያፋቅርም። መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ አንድ የታወቀ ቀን፣ አንድ ክፍል፣ ገና ያላለቀ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ለማንበብ የሚደፍር አንድ ሰው ነው። የምልሽ ከዚህ አያልፍም፤ የቀረው ሁሉ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

ሲ. ኤስ. ሉዊስን በልጅነትሽ በናርንያ ታሪኮቹ ታውቂዋለሽ። ጄ. አር. አር. ቶልኪንንም «የቀለበቶች ጌታ»ን የጻፈው ብለሽ ታውቂዋለሽ። ሁለቱ ኦክስፎርድ ውስጥ መምህራን ነበሩ፤ የተዋወቁትም እ.ኤ.አ. በ1926 በመምህራን ስብሰባ ላይ ነው። ቶልኪን ካቶሊክ ነበር። ሉዊስ በቤልፋስት በፕሮቴስታንት ቤተሰብ ውስጥ ያደገ፣ በዚያ ጊዜ ግን እምነቱን የተወ ሰው ነበር። በመስከረም 1931 አንድ ሌሊት ሉዊስ፣ ቶልኪንና ሂውጎ ዳይሰን የሚባል ወዳጃቸው ሉዊስ በሚያስተምርበት ኮሌጅ ግቢ ባለው መንገድ ላይ እየተመላለሱ ስለ ክርስቶስ ሌሊቱ እስኪገፋ ድረስ አወሩ። ብዙም ሳይቆይ ሉዊስ አመነ። የሄደው ግን ወደ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን እንጂ ቶልኪን እንደተመኘው ወደ ካቶሊክ አልነበረም፤ ቶልኪንም በዚህ አዝኗል። ቢያዝንም አልራቀውም። ይህን በደንብ ልብ በይልኝ፤ ወዳጅነታቸው የቆመው በመስማማት ላይ አልነበረም።

እነሱና ሌሎች ጥቂት ወዳጆች ኢንክሊንግስ የሚባል ጉባኤ ነበራቸው። ሐሙስ ማታ በሉዊስ ክፍል፣ በማግዳለን ኮሌጅ፣ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ደግሞ ኢግል ኤንድ ቻይልድ በሚባል መጠጥ ቤት ይገናኙ ነበር። ደንብ የላቸውም፣ ሊቀ መንበር የላቸውም፣ አጀንዳ የላቸውም። ሁሉም መምህራን አልነበሩም፤ ሐኪም ነበረባቸው፣ ጠበቃ ነበረባቸው፣ የሉዊስ ወንድም ዋረን ደግሞ ጡረታ የወጣ የጦር መኮንን ነበር። ሻይ ይቀርባል፤ ከዚያ ሉዊስ የሚነበብ ያለው ሰው የለም ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱ ወረቀቱን አውጥቶ ያነባል። ሲጨርስ ሐሳባቸውን ሳይሸሽጉ ይነግሩታል። ውሸት የሆነ ሙገሳ አልነበረም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመናገራቸው በፊት እስከ መጨረሻው ይሰሙ ነበር። «የቀለበቶች ጌታ» በዚያ ክፍል ምዕራፍ በምዕራፍ ተነበበ፤ ታትሞ የወጣው በ1954 እና በ1955 ነው። ቶልኪን የሉዊስ ማበረታታት ባይኖር ኖሮ ሥራውን እንደማይጨርሰው በኋላ ላይ ጽፏል። እኔ ይህን ሳስብ ይገርመኛል። ሉዊስ ታሪኩን አላፈለቀለትም፣ ገንዘብ አልሰጠውም፤ የሰጠው ጆሮውን ነው፣ «ቀጥልበት» የሚል ቃልም ጨምሮ፣ ከዓመት ዓመት።

እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ለብቻው ዛፍ ሥር ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ በመምህሩ ፊት፣ ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፣ ያቃናለታል። ያማረ ሲሆን ጉባኤው «ይበል!» ይላል። አያትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዋሸራ ቅኔ ቤት ተምሮ ስለነበር ይህን ደጋግሞ ሲያወራ ሰምተሻል። ብቻውን መቁጠሩም፣ በሰው ፊት መንገሩም ያስፈልጋል። ዛሬ የሚጽፉ ልጆቻችን ግን ብቻቸውን ይቆጥራሉ፤ ከዚያ በቀጥታ አደባባይ ይወጣሉ። መካከሉ የለም። መምህርና ባልንጀራ የሚሰማበት ያ ማታ የለም። ለዚህ ይመስለኛል አንደበታቸው የሚሻክረው፤ የሚጽፉት ለማያውቁት ሰው ነውና።

ማኅበራችንንም አስቢው። እናትሽ የሚካኤል ጽዋ ሲደርሳት የምታደርገውን ታስታውሻለሽ፤ ጠላው፣ ዳቦው፣ የንስሐ አባታችን ጸሎት፣ መጨረሻ ላይ ለተረኛው ጽዋውን ማስረከብ። ማኅበሩ ሳይፈርስ የሚኖረው ሰዎቹ ጻድቃን ስለሆኑ አይደለም። ወሩ በገባ በ12 ቀኑ ስለማይቀር ነው። ቅያሜ ያለበት ቢኖር እንኳ ከጽዋው ፊት መቀመጡ ስለማይቀርለት የማኅበሩ ሙሴ ጠጋ ብሎ ያስታርቀዋል። ጴንጤዎቹ ወዳጆችሽም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናቸው ሲዘጉባቸው በየቤቱ በጥቂት በጥቂት እየተሰበሰቡ፣ መዝሙሩን ዝቅ አድርገው እየዘመሩ ነው ያለፉት። ትልልቆቹን ጠይቂያቸው፤ ቤት ውስጥ ስለ መሰብሰብ የሚያውቁት ከእኛ አያንስም።

አንድ ታሪክ ደግሞ ልጨምርልሽ፣ ስለምወደው። የመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ ትርጉም የተሠራው ካይሮ ውስጥ ነው። ሥራው የጎጃሙ አባ አብርሃም፣ ፈረንጆች አቡ ሩሚ የሚሉት፣ ካይሮ ከነበረው የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው ከአስሊን ደ ሼርቪል ጋር ሆኖ የደከመበት ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ አስሊን በሩን ለእንግዳ ዘግቶ ከአባ አብርሃም ጋር ቁጥር በቁጥር ያነብ ነበር። የወጣው የእጅ ጽሑፍ ከ9,500 ገጽ በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820 የብሪታንያው የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824 ታተሙ። አንድ ሐበሻ መነኩሴና አንድ ፈረንሳዊ በሳምንት ሁለት ቀን ባይገናኙ ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በሌላ መንገድ ይመጣ ነበር።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። ጉባኤ ጥሩ ጥሩው ብቻ የለውም። ያ ሂውጎ ዳይሰን፣ በዚያ ሌሊት ሉዊስን ወደ እምነት ያቀረበው ሰው፣ የቶልኪንን ታሪክ አይወደውም ነበር፤ መስማቱም ይሰለቸዋል። በኋላማ እሱ ባለበት ቶልኪን ማንበቡን ይተው ነበር። በእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ አዋቂ ነው፣ ተናጋሪ ነው፣ ሌላው ሲያነብ ግን በረጅሙ የሚተነፍስ ሰው። አታባርሪው። ግን ንባብ እንዲያስቆም አትፍቀጂለት፤ ይህን ለብቻው፣ በፍቅር ንገሪው። አንዲት ዓይናፋር ልጅ አንድ ማታ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከመለሰች ሁለተኛ አታወጣውም።

ሌላው ደግሞ እነዚያ ሰዎች ሴት በመካከላቸው አላስቀመጡም፤ ይህ ጉድለታቸው ነው። ደራሲዋ ዶሮቲ ሴየርስ የሉዊስም፣ ከጉባኤው ሰዎች አንዱ የነበረው የቻርልስ ዊልያምስም ወዳጅ ነበረች። ስለ ጌታ ሕይወት ለቢቢሲ ሬዲዮ የጻፈችውን ድራማ ሉዊስ በየሰሙነ ሕማማቱ ያነበው ነበር፤ ሐሙስ ማታ ግን ወንበር አልነበራትም። አንቺ እንዲህ አታድርጊ። ልጅ የያዘች እናት ብትመጣ ልጇን የሚይዝላት ሰው ይኑር።

ወዳጅነትም ይቀዘቅዛል፤ ከወዲሁ እወቂው። የሐሙሱ ንባብ በ1949 ቀረ። ቶልኪን የናርንያን ታሪኮች አልወደዳቸውም፤ በሁለቱ መካከል ቀስ በቀስ ርቀት ገባ። ቢሆንም በ1961 ሉዊስ ቶልኪንን ለኖቤል ሽልማት አጨው። ቻርልስ ዊልያምስ በ1945 በድንገት ሲሞት ደግሞ ወዳጆቹ ሊያበረክቱለት ያዘጋጁት የነበረውን መጽሐፍ መታሰቢያ አድርገው አወጡለት፤ ሴየርስም ጽፋበታለች። እኔ ጉባኤን የምመዝነው በዚህ ነው። ሰው ሲሞትበት ለቅሶ ትደርሳላችሁ ወይ? ሲወልድ ትጠይቃላችሁ? አንዱ መጽሐፍ ሲያወጣ በነጻ ስጠኝ ትሉታላችሁ ወይስ ገዝታችሁ ታነባላችሁ?

ስለ ክርክሩ ጠይቀሽኛል። የቅዱሳንን ምልጃ ነገር በመጀመሪያው ማታ አታንሡት። ይቅር ማለቴ አይደለም፤ እኔ እመቤታችንን ሳልጠራ ውዬ አላድርም፣ ይህን ለማንም ብዬ አልደብቅም፣ አንቺም እንድትደብቂ አልፈልግም። ግን ሰው የወዳጁን ጥያቄ ይሰማል፤ የእንግዳን ጥያቄ ይመክታል። አንዱ የእናቱን ሞት የጻፈበትን ስትሰሙ፣ ሌላዋ ስደቷን ስታነብ፣ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ፣ ያ ጥያቄ ራሱ ይመጣል። ያን ጊዜ እውነቱን ተነጋገሩ፤ የምታምኚውን ሳታለዝቢ ተናገሪ።

የቀረው ቀላል ነው። እዚያ አገር ሰው በፈረቃ እንደሚሠራ፣ አንዳንዱም ሁለት ሥራ እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቀኑን ጠይቀሽ ምረጪ። አንዴ ከተቆረጠ ግን አይዛወር። ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም ይነበብ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ የጾም ምግብ አቅርቢ፣ የሚጾመው እንዳይሳቀቅ፤ ለማይጠጡት ብለሽ ደግሞ ጠላው ይቅር። ቡና ይበቃል። የሚያነበው በተራ ይሁን፤ ቤቱም በተራ ይሁን፤ ሁሉም አንቺ ቤት ከሆነ የእነሱ አይሆንም። የመጀመሪያውን ማታ አንቺ አንብቢ፣ ያልጨረስሽውን፣ ያልተማመንሽበትን።

አጎትሽ ሰላም ብሎሻል። ሽሮውንና በርበሬውን ሰው ሲገኝ እልካለሁ፤ ለጉባኤውም የሚሆን ጨምሬያለሁ። የሚመጡትን ሰዎች ስም ጻፊልኝ። የክርስትና ስም ያላቸውን በክርስትና ስማቸው፣ የሌላቸውን በሚጠሩበት ስም። ኪዳን ስሄድ አንድ በአንድ እየጠራሁ አስባቸዋለሁ።

የምትወድሽ አክስትሽ