ዘንገና በእግር

ዘንገና ሐይቅ ጥልቀቱ 166 ሜትር ነው ይባላል። ኔፓል ውስጥ፣ በሂማላያ ተራሮች መሐል፣ ራራ የሚባል ሐይቅ አለ፤ የሱ ደሞ 167 ሜትር ነው። የአንድ ሜትር ልዩነት! ራራን ለማየት ግን ሰው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ተነሥቶ፣ አውሮፕላን ለዋውጦ፣ ቀናት በእግሩ ተጉዞ፣ በየመንደሩ እያደረ ይሄዳል። ሲመለስም "ሰው ያልተጋፋበት መንገድ አገኘሁ" እያለ ለወዳጆቹ ያወራል። ዘንገና ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት አጠገብ ነው ያለው። አውቶቡሱ ሽው ብሎ ያልፋል። ተሳፋሪው ያንቀላፋል፤ ያላንቀላፋው ደሞ "ኧረ ዘፈኑን ቀንስልን" እያለ ከረዳቱ ጋር ይጨቃጨቃል። መቼም በዚህ ግቢ ያለነውን የጎጃም ልጆች ሰብስቦ "ዘንገናን በእግሩ ሄዶ ያየ እጁን ያውጣ" የሚል ቢመጣ፣ የሚወጣው እጅ በጣት የሚቆጠር ነው።

እኛ አይተናል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አምስት ሆነን፣ ከሽንዲ ተነሥተን።

ሽንዲን የማታውቁ አንባቢያን ትኖራላችሁና ባጭሩ እንናገር፦ የወምበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በቆሎና በርበሬ ይበቅልባታል፤ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ እየወረደ ሲሄድ ሙቀቱ ይበረታል። እኛ እዚያ ተወልደን እዚያው ተማርን። ከፍ ያለ ነገር ለማየት ስንፈልግ ወደ ቡሬ ነው የምንሄደው፤ ከቡሬ በላይ ያለው ደጋ ለኛ የብርድና የድንች አገር ነበር። አለቀ።

ለመሄድ ያነሣሣን ግን ሐይቁ አልነበረም፤ ፈተናው ነው። ጥቅምት ላይ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ተፈትነን ነበር። ያ ዓመት፣ እንደምታስታውሱት፣ ተማሪው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በየዩኒቨርሲቲው እያደረ የተፈተነበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ተፈትነን ተመለስን፤ ከዚያ መጠበቅ። ውጤት መጠበቅን ለናንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። ቤተሰብ ሥራ ሲያዝህ እንኳ "እስቲ ለጊዜው ይሄን አድርግ" ይልሃል፤ ያቺ "ለጊዜው" የምትባል ቃል እንደ እሾኽ ትወጋለች። አንድ ማታ ታዲያ ረጅሙ ጓደኛችን (ቁመቱን አይተን ያወጣንለት ስም ነው) በስልኩ የኔፓልን ተጓዦች ፊልም አሳየን። በረዶ፣ ገደል፣ ጭስ የሚወጣባቸው የድንጋይ ቤቶች፣ ከዚያ ድንገት ሰማያዊ ውኃ። ፊልሙ ሲያልቅ የመሪጌታው ልጅ "ይሄ እኮ ከጥሊሊ በላይ አለ" አለ።

"ሐይቅ ልናይ ነው" ቢባል የሚፈቅድ ወላጅ ሽንዲ ውስጥ የለም። ደግነቱ ከመካከላችን ወንድምና እኅት ነበሩ፤ የናታቸው እናት በጥሊሊ በኩል ነው የሚኖሩት። "አያታችንን ልንጠይቅ" ተባለ፤ ውሸትም አልነበረም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጋቢ፣ አንድ ባትሪ፣ አምስት ስልክ። ከአምስቱ ሁለቱ ብቻ ቻርጅ ይይዛሉ።

እስከ ቡሬ በመኪና ሄድን። ከዚያ ወዲያ በእግር። አስፋልቱን ትተን በየመንደሩ፣ በማሳ ድንበር፣ በከብት መንገድ። አገሩ ከፍ እያለ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠፋው በቆሎው ነው። ጤፉ ትንሽ ይከተልሃል፤ ከዚያ እሱም ይቀርና ገብሱ፣ ድንቹ፣ ቀርቀሃው ይመጣል። የቤቱ አሠራር ይለወጣል፤ አጥሩ ይለወጣል። ከፈረስ ጋር መተላለፍ ትጀምራለህ። በኛ አገር ዕቃ የሚጫነው በአህያ ነው፤ እዚህ ግን ከኛ የሚያንስ ልጅ ያለ ኮርቻ ፈረስ ላይ ተቀምጦ "ደኅና ናችሁ?" ብሎን ያልፋል። እኛ በላብ ተጠምቀን መሬት መሬት እናያለን።

ይህ የፈረስ ነገር ትንሽ ያዘናጋን እንደሆነ ይቅር በሉን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በዓሉን ያከብራል። ነገሩ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ከዘመቱት ፈረሶች ጋር የተያያዘ ነው። የተዋጋውን ሰው የሚያስታውስ በዓል በየአገሩ አለ። ለፈረሱም ቀን የሰጠ ሕዝብ ግን ለኛ አዲስ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለ12ኛ ክፍል ፈተና አልተጠየቅነውም።

በየመንደሩ የሚገጥመን ጥያቄ አንድ ነው። "የማን ልጆች ናችሁ? ከየት ናችሁ?" ቀጥሎ፣ "ከብት ጠፍቶባችሁ ነው?" አንድ አዛውንት ገብስ እያጨዱ አገኘናቸውና ሰላም አልናቸው።

"ወዴት ነው ልጆቼ?"

"ሐይቅ ልናይ ነው አባባ።"

ማጭዳቸውን አቁመው አዩን። "ከወምበርማ ድረስ? ውኃ ለማየት?"

"አዎ አባባ።"

"ምነው፣ ዓባይ ጎደለ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን ወደ ቤት ወስደው አሬራ አጠጡን፤ መንገዱንም በበትራቸው መሬት ላይ ሥለው አሳዩን። ሥዕሉ ከስልካችን ካርታ ይሻል ነበር፤ ምክንያቱም የክፉ ውሻ ቤት የቱ እንደሆነ ምልክት አድርገውበታል።

ኔፓል ውስጥ ወደ ኤቨረስት በሚወስደው መንገድ፣ ኮሮና ከመምጣቱ በፊት፣ በዓመት ከ50,000 በላይ ሰው ይሄድ ነበር። እዚያ መንደርተኛው አልጋ አከራይቶ፣ ሻይ ሸጦ፣ ሸክም ተሸክሞ ይኖራል። በኛም አገር ስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ተጓዡ፣ አስጎብኚውና ባለ በቅሎው ይተዋወቃሉ። እኛ በሄድንበት መንገድ ግን ዋጋ የሚባል ነገር አልተነሣም። ገንዘብ ብንሰጥ ስድብ ይሆናል ብለን ፈራን፤ ባንሰጥ ደሞ የሰው ገብስ በልተን መሄዳችን ነው። ይህን ጥያቄ ሦስቱንም ቀን ተከራክረንበት አልጨረስነውም። የነጋዴው ልጅ "በነጻ የሆነው አምስት ስለሆንን ነው፤ አምስት ሺህ ብንሆን ሻዩ ይሸጥ ነበር" አለ። እውነቱን ነው።

አያትየው ዘንድ የደረስነው ሲመሽ ነው። እግራችንን አሳጠቡን፤ በብርዱ ጥርሳችን ሲንገጫገጭ እያዩ ይስቃሉ። ድንች ተቀቀለ፤ የገብስ እንጀራ ቀረበ። ከጎረቤት ሴቶች ጋር የሚነጋገሩት በአዊኛ ነው፤ ለኛ ሲሆን ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። የልጅ ልጃቸው ግን አዊኛውን አትሰማም። ሴቶቹ ስለሷ ሲያወሩ ከንፈር ከንፈራቸውን ታያለች፤ እነሱ ሲስቁ ትስቃለች።

"ምን አሉ እማማ?"

"እናትሽ ቆላ ወርዳ ቋንቋዬን ጥላ ቀረች አልኳቸው" አሏት፤ ሳይቆጡ፣ ድንቹን እየላጡላት።

ማታ እሳት ዳር ሌላ ነገር ጠየቁ። "ታዲያ ፈተናውን ምን አደረጋችሁት?" ዝም አልን። የመሪጌታው ልጅ "እግዜር ያውቃል" አለ። "እሱማ ያውቃል፤ እናንተስ?" አሉ።

በነጋታው ጥርባን አየን። ጥርባ ከአስፋልቱ ወጣ ያለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። ዳገቱን ስትወጣ ምንም የለም፤ ሣር፣ ከብት፣ ሰማይ። ጠርዙ ላይ ስትደርስ መሬቱ እግርህ ሥር ይከፈትና ውኃው ታች ተቀምጦ ያይሃል። እንዲህ ዓይነቱ ሐይቅ የተፈጠረው ከሥር የወጣ ቅልጥ አለት ከመሬት ውስጥ ውኃ ጋር ተገናኝቶ በመፈንዳቱ ነው፤ ፍንዳታው ጉድጓድ ቆፈረ፣ ጉድጓዱን ውኃ ሞላው። ጂኦግራፊ ስንማር በቃላችን ይዘነው ነበር። ጠርዙ ላይ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ጸጥታ የፍንዳታ ጠባሳ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። በስተምሥራቅ የሰከላ ተራሮች ናቸው። እረኛው "ግሽ ዓባይ በዚያ ነው" ብሎ በበትሩ ጠቆመን፤ የዓባይ ምንጭ። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚያ ደርሰዋል፤ ብሩስም ቀዳሚው እሱ መሆኑን ለማሳመን ብዙ ደክሟል። ይህን ለእረኛው ስንነግረው "ቄሶቹ የት ሄደው ነበር?" አለን።

ከጥርባ ወደ ዘንገና ስንሄድ መንገዱ በዲከረንስ ደን መሐል ነው። ይህ ከውጭ የመጣ ግራር በአዊ ምድር ብዙ ነገር ለውጧል። ገበሬው ችግኙን ከሰብል ጋር ይተክላል፤ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያ መሬቱን መልሶ ያርሳል። አሲዳማ ሆኖ እህል እምቢ ያለ መሬት ገንዘብ ማምጣት የጀመረው እንዲህ ነው። ከሰል የጫኑ አይሱዙዎች ወደ አዲስ አበባ ይጎርፋሉ፤ እናንተ እዚያ ቡና የምታፈሉበት ከሰል ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያደርንበት ቤት ባለቤት ግን ዛፉን በሽታ እየገባበት፣ ቅጠሉ እየደረቀ መሆኑን ነገሩን። ልጃቸውን ያስተማሩት በከሰል ነው። "እናንተም ካላለፋችሁ ኑና አክስሉ" ብለው ቀለዱ። ከኛ የሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ረጅሙ።

ዘንገና በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደረስን። ዙሪያውን ደን ከብቦታል፤ ጦጦች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ክብ ነው፤ በኮምፓስ የተሠራ ይመስላል። ውኃው አረንጓዴ ነው፤ የሚፈስበት መውጫ አይታይም። አፋፉ ላይ ተቀምጠን ያለችውን በሶ በጠበጥን። ከበስተጀርባችን የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ ሦስት ቀን የሸሸነው አስፋልት እዚያው ነው። ግን ማንም አልወረደም። ሐይቁ ላይ ያለነው አምስት ሰዎችና ጦጦቹ ነበርን።

እዚያ ቁጭ ብለን ነው ወንድምየው "ካላለፍንስ?" ያለው። ሦስት ቀን ሙሉ ያልተነሣ ቃል። ማንም "እናልፋለን" አላለም፤ ይህን እስካሁን በደግ እናነሣዋለን። ፊት ለፊት ተነጋገርን። ማን ያርሳል፣ ማን እንደገና ይፈተናል፣ የማን አባት ምን ይላል። በመጨረሻ እኅትየው አንድ ሐሳብ አመጣች። ውጤት ሲወጣ ማንም የራሱን እንዳያይ፤ አንዱ ያንዱን ይይና ይንገረው። የመፈተኛ ቁጥራችንን በወረቀት ጽፈን ተለዋወጥን። እሷ የረጅሙን ያዘች፤ ወንድሟ የሷን፤ የመሪጌታው ልጅ የወንድሟን፤ የነጋዴው ልጅ የመሪጌታውን ልጅ፤ ረጅሙ የነጋዴውን። ከዚያ ወደ ኮሶ በር ሄደን አውቶቡስ ተሳፈርን። እንጅባራ ነው ስሙ፤ ሰው ግን ኮሶ በር ማለቱን አልተወም።

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ውጤቱ ተነገረ። ከ896,520 ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ነው፤ 3.3 በመቶ። ያን ቀን ሽንዲ ውስጥ ኔትወርክ ፈልጎ ኮረብታ ያልወጣ ወጣት አልነበረም። ቃላችንን ጠበቅን። ወንድምየው የእኅቱን አየ፤ አልፋለች። የራሱ ገና ሳይነገረው ሮጦ ሄዶ ነገራት፤ አቅፏት እያለቀሰ ሳለ የመሪጌታው ልጅ ደረሰ። ወረቀቱን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። መናገር አላስፈለገውም። እሷም የረጅሙን ይዛ ወደሱ ቤት ሄደች፤ ከዚያ መንገድ የከበደ ዳገት አልወጣንም።

አንዷ አለፈች። አንዱ በሪሜዲያል ገባ። ሦስቱ ቀሩ። በነሐሴ ደሞ በክልላችን ጦርነት ተነሣ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ወንድምየው ሽንዲ ያርሳል። የነጋዴው ልጅ ቡሬ ሱቅ ውስጥ ነው። ረጅሙ ጥሪውን አክብሮ አይሱዙ ላይ ከሰል ጫኝ ሆኗል፤ መንገዱ ሲከፈት በዘንገና አጠገብ ያልፋል።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠታችን በፊት ለሦስቱም በስልክ አነበብንላቸው። "እኛ" እያልን መጻፋችን ጨንቆን ነበር፤ ግቢ ያለነው ሁለት ነንና። የነጋዴው ልጅ "እኔን ነጋዴ አትበሉኝ፣ ነጋዴው አባቴ ነው" አለ። ወንድምየው ስለ አያቱ ያለውን እንደገና አስነበበን። ረጅሙ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማና፣ አንድ ነገር ጨምሩ አለን። እኛ የደረስነው ረፋድ ላይ ስለነበር ነው እንጂ፣ ማለዳ፣ ሾፌሩ ወርዶ ጎማ ሲያይ፣ እሱ ሮጥ ብሎ አፋፉ ላይ ሲቆም፣ ውኃው ጥቁር ነው። አረንጓዴ የሚሆነው ፀሐይ ከጠርዙ በላይ ስትወጣ ነው።