አክስት ባትኖር ኖሮ

ውድ አንባቢያት፣ በተለይም እናንተ ማለዳ ልጆቻችሁን ለሰው ትታችሁ ወደ ሥራ የምትሮጡ እናቶች፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ማታ ደክማችሁ ቤት ስትደርሱ ልጃችሁ በር ላይ ሮጦ ይቀበላችኋል? መልሳችሁ «አዎን» ከሆነ የታደላችሁ ናችሁ። እኔን ልጄ ሳትቀበለኝ የቀረችበት አንድ ቀን አለ፤ ያ ቀን ዛሬም ከልቤ አልወጣም።

በዚያን ጊዜ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራ ነበር። ልጄን የምትይዝልኝ እናቴ ነበረች። አንድ ጧት የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ ስመለስ፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጄ ደጃፉ ላይ ተደናቅፋ ወድቃ ታለቅሳለች። እጆቼን ዘርግቼ «ነይ የኔ ሆድ» ብላት በአጠገቤ አልፋ ሄደችና የእናቴን ቀሚስ ጨብጣ «እማዬ!» አለች። እኔን ትጠራኝ የነበረው እናቴ እንደምትጠራኝ በስሜ ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁና ሥራዬን ልተወው ወይስ ልቀጥል እያልሁ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልሁ።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ ይሰማ ነበር። ታላቅ ወንድሜ፣ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ ከመጣ ወዲህ የጃዝ ሸክላ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ከሸክላዎቹም አንዱ፣ ኤላ ፊትዝጀራልድ የኤሊንግተንን ድርሰቶች ከራሱ ኦርኬስትራ ጋር የተጫወተችበትና እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ነው። ብዙነሽ በቀለን ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር እየሰማን ያደግን ሁሉ፣ አንዲት ሴት በዚያ ሁሉ የጥሩምባና የሳክስፎን ድምፅ መካከል ቆማ ለመደመጥ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልጋት እናውቃለን። እኔም ይህች ሴት እንዴት ኖረች ብዬ ጠየቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ።

ኤላ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1917 ኒውፖርት ኒውስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ነው። እናቷ እ.ኤ.አ. በ1932 ስትሞትባት ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያን ጊዜ ወደ ሐርለም ወስዳ ያስጠጋቻት የእናቷ እኅት ቨርጂኒያ ናት። ይሁን እንጂ ኀዘን የሰበራት ልጅ ከትምህርት ቤት መቅረት አበዛች። ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ፣ ቀጥሎም ወደ ሴት ልጆች ጠባይ ማረሚያ ተላከች፤ ከዚያም ጠፍታ መጠጊያ በማጣት በሐርለም ጎዳናዎች ተንከራተተች።

በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኖቬምበር 21 ቀን፣ አፖሎ ቴያትር በሚደረገው የጀማሪዎች ውድድር መድረክ ላይ ወጣች። አሳቧ መደነስ ነበር። ከእሷ በፊት የደነሱት እኅትማማቾች ግን አዳራሹን በጭብጨባ ሲያናውጡት አይታ እግሯ ተሳሰረ። በዳንሱ ፋንታ ዘፈነች፤ አሸነፈችም። በሚቀጥለው ዓመት ቺክ ዌብ የተባለው ዝነኛ ድራም መቺ ለኦርኬስትራው ዘፋኝ ይፈልግ ነበር። የልጅቷን አለባበስና ሁኔታ ሲያይ አመነታ፤ ድምፅዋን ከሰማ በኋላ ግን ቀጠራት።

የኦርኬስትራ ዘፋኝ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ጌጥና ብርሃን ይመስላል። ውስጡን ስታዩት ግን ከእኛ የፈረቃ ሥራ ብዙ የሚለይ አይደለም። ሌሊቱ በሳቮይ የዳንስ አዳራሽ ያልፋል፤ ሌላው ጊዜ በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ በመጓዝ ያልቃል። ዘፋኟ ተራዋን ጠብቃ ተነሥታ ድርሻዋን ትዘፍናለች፤ የቀረው ምሽት የነፊዎቹና የመቺዎቹ ነው። በዚያ ላይ ለጥቁሮች በሩን የሚዘጋው ሆቴል ብዙ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1938 ኤላ አንድ የልጆች የጨዋታ ዘፈን ወስዳ ለኦርኬስትራ እንዲስማማ አድርጋ ተጫወተችው፤ ስሟም በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በሚቀጥለው ዓመት ቺክ ዌብ ሞተ። ኦርኬስትራው በእሷ ስም ተጠራ፤ ያን ጊዜ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ኦርኬስትራው ሲበተን ብቻዋን መሥራት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1959 የግራሚ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተሸላሚዎቹ አንዷ ነበረች፤ በዕድሜዋም አሥራ ሦስት ግራሚዎችን አገኘች።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስ። ኤላ ባስ ተጫዋቹን ሬይ ብራውንን እ.ኤ.አ. በ1947 አገባች። ሁለቱም የእኅቷን ልጅ እንደ ልጃቸው ወስደው ማሳደግ ጀመሩ። ትዳሩ እ.ኤ.አ. በ1953 ፈረሰ፤ የመድረክ ጉዞው ግን አልቆመም። ታዲያ ልጁን አብዛኛውን ጊዜ ማን አሳደገው? እናቷ የሞተችባትን ኤላን ያስጠጋቻት ያችው አክስቷ ቨርጂኒያ!

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም አልሁ። ዓለም የሚያውቀው የዘፋኟን ስም ነው። ማታ ልጁን ያበላችው፣ ሲታመም ግንባሩን የዳሰሰችው ሴት ስም ሸክላው ላይ አልተጻፈም። ዋጋውም ቀላል አልነበረም፤ በእናትና በልጅ መካከል ቅሬታ የገባበት ጊዜ ነበር፤ በኋላ ግን ታርቀዋል። ኤላ በስኳር በሽታ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለት እግሮቿን ካጣች በኋላ፣ ከልጇና ከልጅ ልጇ ጋር ግቢዋ ውስጥ መቀመጥ ያስደስታት ነበር። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

እኔም ሥራዬን አልተውሁም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፋብሪካው ምስጉን ሠራተኛ ተብዬ የምስክር ወረቀት ተቀበልሁ። መድረክ ላይ ቆሜ አለቆቼንና የሥራ ጓደኞቼን አመሰገንሁ። ቤት ስገባ እናቴ «እስቲ አንብቢልኝ» አለችኝ፤ አነበብሁላት። አዳምጣ ስትጨርስ፣ «የእኔ ስም የለበትም እንዴ?» ብላ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ። ያ ቀልድ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እናቴ አሁን በሕይወት የለችም፤ በአደባባይ ያላመሰገንኋትን እነሆ በዚህ ገጽ አመሰግናታለሁ።

እህቶቼ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ልጅም እንደዚሁ ነው። ሥራ በመሄዳችሁ ራሳችሁን አትኰንኑ፤ ሸክሙን የምትጋራችሁን ሴት ግን አትርሱ። እናት ትሁን፣ አክስት ትሁን፣ ጎረቤት ወይም የቤት ሠራተኛ ትሁን፣ የድካሟን ዋጋ በደመወዝ ቀን አስቡላት፤ የዕረፍት ቀን ስጧት፤ ልጁም ፊት አክብሯት። ባሎችም ብትሆኑ ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ልጁ የእናንተም ነውና። ልጅ የያዛችሁ አያቶችና አክስቶች ደግሞ፣ ፍቅሩን ለብቻችሁ አታድርጉት።

ይህን የምለው ዛሬ ተራው የእኔ ስለ ሆነ ነው። ያች በአጠገቤ አልፋ የሄደች ልጄ አሁን ሠራተኛና እናት ሆናለች፤ ልጇን የምይዝላት እኔ ነኝ። ልጁ እኔን «እማዬ» ይለኛል። ልቤ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ያችን ጧት አስታውሳለሁ። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ፊቱን አጥቤ፣ «እናትህ ልትመጣ ነው» እለዋለሁ። ታክሲ አጥታ ብትዘገይም፣ እጁን ይዤ በር ላይ ቆመን እንጠብቃታለን።