አንድ ግቢ፣ ብዙ የካቲት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሚኖር ቤተሰብ የቅዳሜ መዋያ አይቸግርም። ላፍቶ ሞል አለ፤ ጀሞ ላይ ልጆች እየዘለሉ ወላጆች ማኪያቷቸውን የሚጠጡባቸው ካፌዎች አሉ፤ ሳር ቤት ኬኩ፣ ቄራ ሥጋው አለ። እኔ በዚህ ወር የምጋብዛችሁ ግን ራቅ ወዳለ ቦታ ነው። ከተማዋን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጣችሁ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ድረስ። ወሩ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ ቤታችሁ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ካለ ደግሞ ጨርሶ አትለፉት።

የኛም ክፍለ ከተማ እኮ ተማሪ አላጣም። ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ መካኒሳ ላይ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ አለ፤ ከሳሪስ እስከ ጀሞ ባሉት ሕንፃዎች ፎቅ ተከራይተው የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆችም ብዙ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ይከበራል። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ የባህል ቀን፣ ዓድዋ፣ ደም ልገሳ፣ ችግኝ ተከላ፣ አረጋውያንን መጠየቅ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ባነር ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ኅትመት ዋጋው ይሄዳል። ቲሸርቱ በስንት ታተመ? ፎቶ መነሻው ማን ጋ ተሠራ? ስፖንሰሩ ማነው?

ለአንድ ቀን ዝግጅት በጀት ስናስፈቅድ አለቆቻችን ሁልጊዜ የሚጠይቁን ጥያቄ አለ፤ «በማግስቱ ምን ይቀራል?» ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነው ስድስት ኪሎ የሄድኩት። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አባቴ ነው፤ በ1967 ዓ.ም የዕድገት በኅብረት ዘማች ነበር። ሁለተኛዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ እናቷ «አዲስ አበባ እንዲደርሳት» ብላ ስለት ገብታለች።

ወዴትም የማያደርሰው ደረጃ

ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ሽቅብ ስድስት ኪሎ። ከታክሲ እንደወረዳችሁ ከግቢው በር በፊት የሚቀበላችሁ የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ነው። ቀኑ በየዓመቱ እዚህ ይታሰባል። አርበኞች ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው ይመጣሉ፤ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። እኛ የደረስነው ከበዓሉ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ነው፤ አበባው ጠውልጎ ነበር፤ ሰውም አልነበረም። ለልጅ ለማስረዳት እንዲያውም ይሄ ይሻላል። በሐውልቱ ዙሪያ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የሠሯቸውን ምስሎች አንድ በአንድ እያዩ መዞር ይቻላል።

የእህቴ ልጅ ጭፍጨፋውን ከትምህርት ቤት ታውቀዋለች። የማታውቀው ነገሩ የጀመረው ከመንገዱ ማዶ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ መሆኑን ነበር። ግቢው ያኔ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ጣሊያን ሲገባ የእንደራሴው መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ግራዚያኒ የጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለከተማው ድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ አለ። ድሃው ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት በዚያ ዝግጅት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን በአዲስ አበባ የሆነውን ሐውልቱ ይናገራል፤ በኢትዮጵያ በኩል የሟቾቹ ቁጥር 30,000 ነው።

በሩን አልፋችሁ ወደ ውስጥ ስትዘልቁ የድሮው ቤተ መንግሥት ይታያችኋል። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም የተመሠረተ ሲሆን ሙዚየሙ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ሳይቀር ለዕይታ ተቀምጧል። ከሕንፃው ፊት ግን ልጆች ቶሎ የሚያስተውሉት ሌላ ነገር አለ፤ ሽቅብ ወጥቶ አየር ላይ የሚቆም የሲሚንቶ ደረጃ። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ ሐበሻ አላፈረሰውም፤ አናቱ ላይ አንበሳ አስቀመጠበት። በሥራዬ ብዙ የማስታወቂያ ሐሳብ አይቻለሁ፤ የተቀናቃኝን ምልክት እንዲህ አድርጎ የራስ ማድረግ ግን አላየሁም።

ድሃው ሲናገር

ዩኒቨርሲቲው በ2017 ዓ.ም 75ኛ ዓመቱን አክብሯል። በ1942 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ሲጀመር ግን ስድስት ኪሎ አልነበረም፤ ትምህርቱ የተጀመረው አራት ኪሎ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት በዚሁ በገነተ ልዑል ውስጥ ተገደሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም በስማቸው የተሰየመው ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ።

የዚያን ዘመን የግቢ ዝግጅቶች አንዱ የኮሌጅ ቀን ነበር። ስፖርት አለ፣ ግጥም አለ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ይገኙበታል። በዛሬ ዓይን ስታዩት የሚያምር «ኢቨንት» ነው። ነገር ግን ተማሪዎቹ ለመወድስ የተዘጋጀውን መድረክ ለሌላ ጉዳይ አዋሉት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ታምሩ ፈይሳ ያቀረበው ግጥም ርዕስ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ «ድሃው ይናገራል»። ከመድረኩ ወደ ጎዳና ለመውጣት ብዙ አልፈጀም። በየካቲት 1957 ዓ.ም ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሰልፍ ወጣ።

አባቴ ሙዚየሙ አጠገብ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ለልጅቷ የነገራት ግን የ1958ቱን ሰልፍ ነው። በዚያ ዓመት ለማኞችና መጠጊያ የሌላቸው ሰዎች ከአዲስ አበባ መንገዶች እየታፈሱ ሾላ በሚገኝ ካምፕ ይታጎሩ ነበር። ተማሪዎቹ ሄደው የኑሯቸውን ሁኔታ አዩ፤ ተመልሰውም «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው ሰልፍ ወጡ። ልብ በሉ፤ ድሆች ለምጽዋት ተጠርተው በተሰበሰቡበት ግቢ፣ ከ29 ዓመት በኋላ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ተገኘ። ጥያቄው ዋጋ አስከፍሏል። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱ እዚሁ ግቢ ውስጥ አስከሬኑን ከበው የነበሩ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ።

የእህቴ ልጅ ዙሪያዋን አየች። ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በራፍ ላይ ተማሪዎች ላፕቶፕ ታቅፈው ይሳሳቃሉ። «እዚሁ?» አለች። እዚሁ።

አንድ ዓመት ለሀገር

ስለ ፍትሕ መናገርና ሄዶ መሥራት ይለያያሉ። ዩኒቨርሲቲው ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ደንብ ነበረው። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግላል፤ አብዛኛው ያስተምራል። የአዲስ አበባ ልጅ የሀገሩን ገጠር ያወቀው፣ የገጠሩም ልጅ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አስተማሪ ያየው በዚህ መንገድ ነው። ቤታችሁ ሰባዎቹን ያለፈ ሰው ካለ ጠይቁ፤ ወይ ራሳቸው ሄደዋል፣ ወይ እንዲህ ባለ አስተማሪ ተምረዋል።

ከዚያ የአባቴ ተራ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። የአባቴ ቡድን የደረሰው የመውቂያ ሰሞን ነው። እንግድነት የተቀበላቸው ሰው እኩል አራሽ ነበር፤ አውድማው ላይ ምርቱ ለሁለት ሲከፈል፣ ግማሹ ለባለ መሬቱ ሲጫን አባቴ በዓይኑ አየ። «መሬት ለአራሹ» የሚለውን ከዚያ በፊት ሰምቶታል፤ ግማሹ ከተጫነ በኋላ የቀረው ቁና ስንት ወር እንደሚያደርስ ግን አስልቶ አያውቅም ነበር። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አዋጁን ለዚያው ሰው የማስረዳቱ ሥራ የዘማቾቹ ሆነ።

የእህቴ ልጅ ጠየቀችው፤ «አባባ፣ እናትዎ እሺ ብለው ለቀቁዎት?»

«ማን ጠየቃት!» አለ አባቴ። ዘመቻው ግዴታ ነበር፤ ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም። «አለቀሰች። ከዚያ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሸኘችኝ።»

ይህን ጣፋጭ ትዝታ ብቻ አድርጎ ማውራት አይገባም። በዘመቻው ሕይወታቸውን ያጡ ወጣቶች አሉ፤ ከዘመቻው መልስ የጠበቃቸው ዘመንም የከፋ ነበር። ሆኖም በሐምሌ 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍ አስተምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሸለመው፣ ወጣት ገጠር ሄዶ ማስተማር እንደሚችል ቀድሞ ስለታየ ይመስለኛል።

አገልግሎትን በግዴታ ዘመቻ ሳይሆን በትምህርቱ ውስጥ ያስገቡም አሉ። ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ በመላክ ያሠለጥን ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን በየደረጃው ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ ማስተማርን መለያው አድርጎታል። እዚህ ቤት ለቤት መዞር የአንድ ቀን ዝግጅት ሳይሆን ውጤት የሚሰጥበት ትምህርት ነው።

እናት ምን ትበል?

ወደ ቤት ስንመለስ ወሬው ሁሉ ስለ ምደባ ሆነ። እህቴ ልጇ ሩቅ እንዳትመደብ ትፈራለች፤ ዘንድሮ ይህን የማይፈራ ወላጅ አላውቅም። ስንቅ ቋጥሮ የመሸኘት ወኔ ከእኛ ትውልድ ወላጆች ጠፋ ማለት ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው። መንገዱ ተለውጧል፤ ስጋቱም እውነት ነው። ግን ከስጋታችን ጋር አንድ ነገር አብረን እንዳንጥል እሰጋለሁ። ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲን ዲግሪ ተቀብለው የሚወጡበት ቢሮ አድርገው እንዳያስቡት፣ ታሪኩም ቲሸርት ላይ ታትሞ የሚለበስ ብቻ እንዳይመስላቸው።

ለማገልገል ደግሞ የግድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየክረምቱ ወረዳዎቻችን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ያዘጋጃሉ። የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፣ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት አለ፣ ደም ልገሳ አለ። ከሪባን ቆረጣው በኋላ ሰው የሚሳሳው ማጠናከሪያ ትምህርቱ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በየቀኑ መምጣት ይጠይቃል። ልጃችሁ የተሰለፈበትን ዝግጅት ለመመዘን የኔን የመሥሪያ ቤት ጥያቄ ተጠቀሙበት፤ በማግስቱ ማን ይመጣል? ዝግጅቱ የተደረገላቸው ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ቀድሞ የጠየቀ አለ? ከተሳታፊዎቹ አንዱ አዲስ ነገር ተምሮ ተመልሷል?

ለመሄድ ካሰባችሁ

ከመነሳታችሁ በፊት ሙዚየሙ በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን አጣሩ። በሩ ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ። ከሐውልቱ ጀምሩ፣ ደረጃውን አሳዩ፣ ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ግቡ፤ ለልጆች ይህ ቅደም ተከተል ይቀላል። ጊዜ ከተረፋችሁ ፒያሳ ወርዳችሁ በ2016 ዓ.ም የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ማየት ትችላላችሁ። ምሳ ግን ስድስት ኪሎ ተማሪዎች በሚበሉበት ቤት ይሁን፤ በጾም በየዓይነቱ፣ በፍስክ ጥብስ ፍርፍር። ዋጋውም ከሳር ቤት ይሻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቻላችሁ አንድ አዛውንት ይዛችሁ ሂዱ። ሙዚየሙ ያላስቀመጠውን እሳቸው ያውቃሉ።

እህቴ ስለቷን አላነሳችም፤ ልጅቷም አዲስ አበባን ከመጀመሪያ ምርጫዋ አላወጣችም። አንድ ነገር ግን ወስናለች። ፈተናዋን እንደጨረሰች፣ በኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል ውስጥ ለሠፈሩ ልጆች ሒሳብ ልታስጠና ነው። ማስታወቂያውን እኔ እንድሠራላት ጠየቀችኝ። አባቴ ግን ማስታወቂያውን አላየም፤ የጠየቃት ሌላ ነው።

«ለስንት ቀን?»

«ክረምቱን በሙሉ» አለችው።

«እንዲያ ከሆነ ጠመኔውን እኔ እገዛለሁ» አላት።