የባግዳድ ሰምና ወርቅ

ፖለቲካን የሚነካ ዘፈን ስንሰማ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው ዘፋኙ ከማን ወገን እንደሆነ ነው። እንግሊዛዊው የጊታር ሰው ሪቻርድ ቶምሰን ለዚህ ጥያቄ አይመችም፤ ዛሬ ስሙን ያነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

ቶምሰን የተወለደው በ1949 ለንደን ውስጥ ሲሆን (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1967 ከጓደኞቹ ጋር ፌርፖርት ኮንቬንሽን የተሰኘውን ባንድ ሲመሠርት ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። በግንቦት 1969 ከበርሚንግሃም ተጫውተው ሲመለሱ በደረሰባቸው የመኪና አደጋ የከበሮ መቺው ማርቲን ላምብልና የቶምሰን ወዳጅ የነበረችው ጂኒ ፍራንክሊን ሞቱ። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካኖቹን ፈለግ ይከተሉ የነበሩት ወጣቶች፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ያወጡት አልበም የአገራቸውን ጥንታዊ የትረካ ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ ነበር። የእንግሊዝ ፎክ ሮክ መልክ የያዘው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ ቶምሰን ከባንዱ ወጣ፤ ከባለቤቱ ከሊንዳ ጋር ሠራ፤ እስልምናን በሱፊዎች መንገድ ተቀበለ፤ ትዳሩም ፈረሰ።

ብቻውን መድረክ ላይ ሲወጣ የሚያዳምጠው ሰው ሌላ ተጫዋች ከመጋረጃ ጀርባ የተደበቀ ይመስለዋል። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ በያዘው መምቻ ወፍራሞቹን ክሮች እየመታ፣ በቀሩት ጣቶቹ ቀጫጭኖቹን እየነቀሰ ዜማውን ያወጣል። አድማጭ ሁልጊዜ የሚጠይቀው የ1991ዱ የሞተር ብስክሌት ታሪክ ሲደርስ ሁለቱን ወፍራም ክሮች ዝቅ አድርጎ ይቃኛል። በዜማዎቹ መካከል ቀልድ ጣል ያደርጋል፤ ንግግር ግን አያደርግም።

ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። በ2003 ባወጣው አልበም ውስጥ ሳይንስንና ሙዚቃን የሚንቅ አንድ አክራሪ በመጀመሪያ መደብ፣ «እኔ» እያለ ይናገራል። ራሱ ሙስሊም የሆነ ሰው፣ ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ፣ ስለ እምነቱ መግለጫ በማውጣት ፈንታ የአክራሪውን አንደበት ተውሶ ሙግቱን በራሱ አፍ አጋለጠው። በ2007 ደግሞ ኢራቅ የዘመተ ተራ ወታደር ሆኖ ዘፈነ። የዘፈኑ ርእስ ላይ ላዩን ሲሰማ «አባዬ ሊገድለኝ ነው» ማለት ነው፤ ነገር ግን ወታደሮቹ ባግዳድን በአጭሩ የሚጠሩበት ቃል በእንግሊዝኛ ከአባት መጠሪያ ጋር አንድ ነው። ሰሙ አባት፣ ወርቁ ባግዳድ። በቅኔ ላደግን ሰዎች ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ወታደሩ ጦርነቱ ትክክል ነው ወይም አይደለም አይልም። ፈርቷል፤ ፍርሃቱንም ይናገራል። ዘፈኑን ለቡሽም ለተቃዋሚዎቹም መፈክር ማድረግ አይቻልም፤ አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን እንደ ማምለጫ ይቆጥሩበታል። እኔ አይመስለኝም። በ2020 በአገራችን ሰሜን ጦርነት ሲቀሰቀስ ከየአቅጣጫው የሰማሁት ዘፈን የሚያዘምትና የሚያስፎክር ነበር፤ ምሽግ ውስጥ ሆኖ እናቱን የሚናፍቀውን ልጅ «እኔ» ብሎ ያዜመለት ግን አላጋጠመኝም። እንዲህ ያለ ዘፈን ቢወጣ ከሁሉም ወገን ይወገዝ እንደነበር እገምታለሁ።

በመቅረጫ ክፍል በባንድ የታጀበው ያ የወታደር ዘፈን በአንድ ጊታር ብቻ ሲቀርብ ይበልጥ ያስፈራል። ከጀርባ የሚደግፈው ከበሮ የለም፤ ወፍራሙ ክር ብቻ እንደ ልብ ትርታ ይመታል።