በቦረና ክረምት ማታ ማታ ስላየናቸው ፊልሞች

የቦረናን ክረምት የሚያውቅ አንባቢ እንደሚረዳልን፣ ከሐምሌ እስከ ጳጕሜን ድረስ ጉሙ ከደንቆሮ ጫካ ወገን እየተነሣ በመካነ ሰላም ላይ በወረደ ጊዜ፣ ከቤት ወጥቶ ጉዳይን መፈጸም የሚቻለው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። የእኅታችን ልጅ በዚሁ ወራት ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን ሲመጣ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ፍላሽ ከዐሥር የማያንሱ ፊልሞችን ጭኖ አመጣልን። መብራት ባልጠፋበት ማታ ሁሉ እየተሰበሰብን አየናቸው። ተመልካቾቹም ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈው እናታችን፣ ባለቤታችን፣ ሦስቱ ልጆቻችን፣ ቡና በተፈላ ቍጥር ከማይታጡት ሸኽ ጎረቤታችን ጋር ነበርን።

በአዲስ አበባ የሲኒማ ቤት መጀመሪያ በተከፈተ ጊዜ፣ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር ይነገራል። ይህንን ለእናታችን ብንነግራቸው፣ ሦስት ፊልም ካዩ በኋላ ነበርና፣ «ሰይጣንስ አይደለም፤ የሰው ገመና የሚያወጣ ጎረቤት ነው» አሉን። እኛም የሲኒማ አዋቂዎች ስላልሆንን፣ ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው በአንድ ቤት ውስጥ የታየውንና የተባለውን ብቻ ነው።

ከአመጣጣቸው አራቱ የአዲስ አበባ የፍቅር ቀልዶች ነበሩ። ሀብታሙ ድኻ መስሎ ይቀርባል፤ ድኻይቱ ሀብታም መስላ ትቀርባለች፤ በመጨረሻም ሠርግ ይሆናል። ልጆቻችን ሣቁ፤ እኛም አንድ ሁለት ጊዜ ሣቅን። በማግሥቱ ግን የትኛው ሠርግ የየትኛው ፊልም እንደ ነበር መለየት ስላቃተን ስማቸውን አንጠቅስም።

የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ከእነዚያ የራቀ ነው። ከ100 ዓመት በፊት የነበረውን የሙግት ሥርዐት፣ ከሳሽና ተከሳሽ አንዱ ካንዱ ጋር ታስረው ወደ ዳኛ ፊት የሚጓዙበትን ልማድ ያሳያል። ልጆቻችን ቁራኛ የሚለውን ቃል ሰምተውት ትርጓሜውን ግን አያውቁም ነበርና፣ እናታችን ካባታቸው የሰሙትን እያነሡ፣ ልብስ ከልብስ ተቋጥሮ ባላጋራ ከባላጋራው ጋር እንዴት አብሮ እንደሚበላና አብሮ እንደሚያድር እስከ እኩለ ሌሊት አወጉልን። ዛሬ በመንግሥት ፍርድ ቤት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ ተሟጋቾቻችሁ በአንድ ገመድ ታስረው ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ ቢሄዱ ስንቱ በመንገድ ላይ ይታረቅ እንደ ነበር አስቡት። ሸኽ ጎረቤታችን ግን፣ «ስንቱስ በገደል ይገፋፋ ነበር?» ብለው ሐሳባችንን አፈረሱብን።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ ትርጓሜውም በግ ነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ ለሚደረገው የፊልም በዓል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባለው እናቱ የሞተችበት ልጅ፣ አባቱ ከዘመድ ዘንድ ትቶት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ከበጉ በቀር ወዳጅ የለውም። አጎቱም በጉ ለበዓል እንዲታረድ ይፈልጋል። ፊልሙ ዝግ ያለ ስለ ሆነ የእኅታችን ልጅ ሁለት ጊዜ አንቀላፋ፤ ትንሹ ልጃችን ግን በጉ ይታረድ ይሆን እያለ ሲቃ ይዞት አመሸ። በጓሯችን ለመስቀል የተቀለበ ሙክት ስለ ነበረን፣ በማግሥቱ ከዚህ ልጅ ጋር ብዙ ክርክር ሆነብን። ደግሞ ኤፍሬም ወጥ መሥራት የሚወድ ወንድ ልጅ ነው፤ በዚህ ምክንያት አጎቱ ሲቈጣው ያየ መካከለኛው ልጃችን፣ «እኔስ ሽሮ ብሠራ ምን ትሉኛላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ባለቤታችን ፈጥና «እሰየው እላለሁ» ስትለው፣ እናታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ።

ስለ «ድፍረት» ጥቂት ሰፋ አድርገን እንጽፋለን። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 በአሜሪካ በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በእውነት የተፈጸመ ነገር ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች፤ የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበርም ይከራከርላታል። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷና ጠበቃዪቱ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ፣ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመው ነበር። የፊልሙ ስም በአማርኛችን ሁለት ትርጓሜ አለው፤ ጀግንነትም ድፍረት ነው፤ ሴትን ያለ ፈቃዷ መያዝም መድፈር ነው። አንድ ቃል ሁለቱን አብሮ መሸከሙ ቋንቋችንን ያስመሰግነው ወይም ያስወቅሰው እንደ ሆነ ስንከራከር አመሸን።

የመጀመሪያዪቱ ልጃችን ዕድሜዋ 14 ነው። ፊልሙ ሲያልቅ አንድ ቃል ሳትናገር ተነሥታ ወደ አያቷ ሄደችና፣ «እማማ፣ እርስዎ በስንት ዓመትዎ ተዳሩ?» አለቻቸው። «በ12» አሉ። «ጠየቁዎት?» አለች። «ማንን?» አሉ። እናታችን የጠየቁት በእውነት ስላልገባቸው ነበር። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ያገባ እንደ ሆነ ከክስ ያመልጥ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህንን በር ዘግቶታል። የጋብቻ ዕድሜም 18 ዓመት መሆኑን ሹማምንት አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ነገር ግን በየቀበሌው ሽማግሌ ተቀምጦ የልጅቱን ዕድሜ ሲገምት፣ ከሕጉ መጽሐፍ ይልቅ ቁመቷን እንደሚመለከት ሁላችንም እናውቃለን። ይህንን ፊልም የወረዳ ሹማምንት ሴት ልጆቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ቢያዩት ደስ ይለን ነበር።

ከዚህ በኋላ የኃይሌ ገሪማን ሁለት ፊልሞች አየን። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰትን ሽልማት፣ በማግሥቱ ዓመትም በዋጋዱጉ የአፍሪካን ታላቁን ሽልማት ያገኘ ነው። አንበርብር የሚባል የተማረ ሰው ከጀርመን አገር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ጊዜው የደርግ መጨረሻ ነውና፣ የመንደሩ ወጣቶች ለጦር እንዳይወሰዱ በዋሻ ይሸሸጋሉ። ታሪኩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚመላለስ ልጆቻችን ግራ ገባቸው። እናታችን ግን የአንበርብርን እናት ብቻ ስለ ተከተሉ ምንም አልጠፋባቸውም። ልጇ ተምሮ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ የመጣላት ሰው ሌሊት እየባነነ የሚጮኽ ሆኖ ስታገኘው የምታሳየውን ትዕግሥት አይተው፣ «እናት እንዲህ ናት» አሉ። በእኛም አገር በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ ስንት ልጅ በገደልና በጫካ ተሸሽጎ እንዳደረ ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም።

«ምርት፡ 3000 ዓመት» ደግሞ ከዚህ ይልቅ ከበደን። ኃይሌ ገሪማ ገና ተማሪ ሳለ፣ የዘውዱ መንግሥት በሚናወጥበት በ1966 ዓ.ም. ባላገሮችን እያጫወተ በጥቂት ሳምንት ያነሣው፣ ርዝመቱም ሁለት ሰዓት ተኩል የሆነ፣ ቀለም የሌለው ፊልም ነው። ጭሰኛው ከነቤተ ሰቡ ያርሳል፤ ጌታው ከፍ ካለ ስፍራ ተቀምጦ ይሳደባል፤ ከብት የምትጠብቀው ልጅም የጌታውን ላም ከጎርፍ አድናለሁ ስትል ውሃ ይወስዳታል። አያታችን በዚህ አገር ባለ ጉልት እንደ ነበሩ፣ የሸኽ ጎረቤታችን አባትም የእርሳቸው ጭሰኛ እንደ ነበሩ አንባቢያችን ይወቅልን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ቤት መካከል ይህ ነገር ተነሥቶ አያውቅም።

ጌታው በወንበሩ ላይ ሆኖ ሲጮኽ እናታችን፣ «አባቴ እንዲህ አይጮኹም ነበር» አሉ። ማንም አልመለሰም። ጥቂት ቆይተው፣ «ዝቅ አድርገው ነበር የሚናገሩት፤ የሚሰማቸው ሰው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ። ያን ጊዜ ሸኹ የተቀመጡበትን የአያታችንን ባለ መደገፊያ ወንበር ክንድ በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ «አባቴ ይህን ወንበር ከደሴ በጀርባቸው ነው ያመጡት» አሉ። እኛ ይህንን አናውቅም ነበር። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ስለ ነበር ባለቤታችን ቀዳች፤ ሸኹም እንደ ልማዳቸው መርቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱም መጡ፤ ወንበሩም ያው ቦታቸው ነው። እንደ ፊልም የሚነቀፍበት አለ፤ ረጅም ነው፣ ድምፁም በየቦታው አይሰማም። ነገር ግን 50 ዓመት ያልተነገረ ቃል በቤታችን ውስጥ እንዲነገር ያደረገ ሌላ ፊልም አላየንም።

በመጨረሻ ያየነው እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረኃብ ላይ ያዘጋጀውን ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ፤ በአገራችንም ከግርማዊነታቸው ግብር ሥዕል ጋር ተቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ይህንን ለእናታችን ማሳየት ይገባል ወይስ አይገባም ብለን ሁለት ቀን ተማከርን። የእኅታችን ልጅ አይገባም አለ፤ ባለቤታችን እርሳቸው ይጠየቁ አለች። ብንጠይቃቸው፣ «በዐይኔ ያየሁትን በመስተዋት ብፈራው ያሳፍራል» አሉ።

ስለ ሥራው አስተያየት መስጠት አይቻለንም። ሰውዬው ብዙ አይናገርም፤ ሥዕሉን ይተዋል። እናታችን አንዲት ሕፃን የታቀፈች ሴት በታየች ጊዜ እንዲቆም አዘዙና ብዙ ጊዜ አተኵረው ተመለከቱ። «ታውቋታላችሁ?» ብለን ብንጠይቅ፣ «የለም» አሉ። ከዚያም፣ «ይህ ሥዕል ከታየ በኋላ እህል መጣ ብለሃል» አሉን። እኛም አዎን፣ በእንግሊዝ አገር ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ እህልም መጣ አልናቸው። «ለእርሷስ ደረሰላት?» አሉ።

ከፍላሹ ውስጥ ሁለት ፊልሞች ሳይታዩ ቀርተዋል። የእኅታችን ልጅ ለእኛው ትቶልን ስለ ሄደ፣ አይተናቸው የሚጻፍ ነገር ቢገኝባቸው በዚሁ ገጽ እናቀርባለን።